ቀይ የተቀባው ሰፈርና የወህኒው በር

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከሥራ ወጥታችሁ፣ ሺፍት አስቀይራችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ከፊት ወንበር አለ፤ እባካችሁ ግቡና ተቀመጡ።

የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ ታሪክ ስለሆነ በዚያው ልሂድ።

የዛሬው ጉዳያችን እስር ነው። ይህ አገር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባዎቹ መጀመሪያ በስቴትና በፌዴራል ወህኒ ቤቶቹ ውስጥ የነበረው ሰው 200 ሺህ አካባቢ ነበር። በ2009 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ፍርድ የሚጠብቁትና አጭር ቅጣት የሚፈጽሙት ያሉባቸው የካውንቲ እስር ቤቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 2.3 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ዛሬ ቀንሷል ሲባል 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዓለም ሕዝብ 5 በመቶ የማይሞላ አገር ከዓለም እስረኛ አምስተኛውን ያህል ይዟል። ከዚህ አገር ሕዝብ ጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ ገደማ ናቸው፤ በወህኒ ቤት ካለው ግን ሲሶው ያህል እነርሱ ናቸው።

ይህን ስትሰሙ በልባችሁ ምን አላችሁ? እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን፣ በቡናችን ላይም በመኪናችን ውስጥም፣ «አጥፍተው ነው የታሰሩት» እንላለን። «ሥራ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፤ እኛ ቋንቋውን ሳንችል መጥተን ሠርተን ኖረን የለም ወይ?» እንላለን። ይህን የሚለውን ሰው ለመውቀስ አልመጣሁም። ነገሩን ከሥሩ አልነገሩትም። እኔም የመጣሁት ከሥሩ ልነግራችሁ ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው በ1865 በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የቀረችው ቀዳዳ ናት። ሁለተኛው ካርታው ነው። ሦስተኛው እኛ ነን። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከቀዳዳዋ እጀምራለሁ። በታኅሣሥ 1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሻረ። እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ግን መሐል ላይ አንድ ሐረግ ያገኛል፦ በወንጀል ተከሶ በአግባቡ ለተፈረደበት ሰው ቅጣት ካልሆነ በቀር፣ ባርነትም ሆነ ያለ ፈቃድ ማሠራት አይኖርም። «ካልሆነ በቀር» የምትለዋን ያዙልኝ።

በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ አንድ ሕግ አወጣች። ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው በየዓመቱ መጀመሪያ ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ወረቀት የሌለው «ቦዘኔ» ነው። አደገኛ ቦዘኔ የሚለውን ቃል ከአገራችሁ የምታስታውሱ አላችሁ፤ ቃሉ ሲላላ ማንንም እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። መቀጫው እስከ 50 ዶላር ነበር። ትናንት ከባርነት የወጣ ሰው 50 ዶላር ከየት ያመጣል? በ5 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ሸሪፉ መቀጫውን ለሚከፍልለት ሰው አሳልፎ ያከራየዋል። ተከራዩ ማን ይሆን? ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጌታው ወይም የጎረቤቱ ባለ እርሻ። የፌዴራል መንግሥት እነዚህን ሕጎች ለጥቂት ዓመታት አገዳቸው። ወታደሩ በ1877 ከደቡብ ሲወጣ ግን በሌላ ስም ተመለሱ።

እስረኛ ማከራየት የሚባለው ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን ያላወቀ ክፋቱን አያውቅም። ሸሪፉና የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ገቢ የሚያገኙት ከሚያዘው ሰው ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ነበር። የማሰሪያ ክፍያ፣ የምስክር ክፍያ፣ የመዝገብ ክፍያ። ይህ ሁሉ በመቀጫው ላይ ይደመርና ወደ ሥራ ቀን ይመነዘራል። ስለዚህ ትንሽ ጥፋት ያለበት ሰው ጥፋቱ ከሚጠይቀው ይልቅ የክፍያውን ዕዳ ለመጨረስ ብዙ ወራት የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ይቆያል። ሠራተኛ ባስፈለገ ጊዜ እስሩ ይበዛል፤ ምክንያቱም ሰው መያዝ ገቢ ነው። ተከራዩ ኩባንያ ደግሞ ለእስረኛው ሕይወት የሚሳሳበት ምክንያት የለውም። ባሪያ በገንዘብ የተገዛ ንብረት ነበር፤ ቢሞት ኪሳራ ነው። የኪራይ እስረኛ ቢሞት ሌላ ይላካል። አላባማ ይህን ሥርዓት ያቆመችው በ1928 ነው፤ ከሁሉም ስቴቶች መጨረሻ። በ2018 ቴክሳስ ውስጥ ሹገር ላንድ በምትባል ከተማ ለትምህርት ቤት መሠረት ሲቆፈር የ95 ሰዎች አጽም ወጣ። በሸንኮራ እርሻ ላይ የሞቱ የኪራይ እስረኞች ናቸው። መቃብራቸው ምልክት አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ነጥብ እዚህ ላይ ልተወው። ሕጉ ባርነትን ሲሽር በር አልዘጋም፤ በሩን ከእርሻው ወደ ፍርድ ቤቱ አዛወረው።

አሁን ወደ ካርታው።

ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ሸሽተው ወደ ዲትሮይት፣ ወደ ቺካጎ፣ ወደ ፊላዴልፊያ ሄዱ። እዚያ የቆያቸው እርሳስ ነው። ከ1935 ጀምሮ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ከተሞችን ካርታ አሠርቶ ሰፈሮችን በአራት ቀለም ከፈለ። አረንጓዴ ምርጥ፣ ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ እየወረደ ያለ፣ ቀይ አደገኛ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በአብዛኛው ቀይ ተቀባ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ጉዳት ያመጡት እነዚህ ወረቀቶች ብቻ አይደሉም። ከእነርሱ ይልቅ ክንዱ የከበደው በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ነው። ባንክ ለሚሰጠው የቤት ብድር ዋስ የሚሆነው እርሱ ነበር፤ መመሪያው ደግሞ ሰፈር በአንድ ዘር ሰው እንደተያዘ መቆየት አለበት ይል ነበር። መንግሥት ዋስ ካልሆነ ባንኩ አያበድርም። ባንኩ ካላበደረ ቤት አይገዛም፣ ጣሪያ አይታደስም፣ ለልጅ የሚቀር ነገር የለም።

ዲትሮይት ውስጥ ዛሬም የቆመ ግንብ አለ። በ1941 አንድ ገንቢ ለነጮች ቤት ሊሠራ ብድር ሲጠይቅ፣ ቦታው ለጥቁሮች ሰፈር ይቀርባል ተብሎ ተከለከለ። ሰውየው ምን አደረገ? ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ የሚበልጥ፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ያህል የሆነ ግንብ በሁለቱ ሰፈሮች መሐል ሠራ። ግንቡ ቆመና ብድሩ ተፈቀደ።

ሩቅ አንሂድ። ብዙዎቻችን የምንኖርባት፣ ሱቃችንና ምግብ ቤታችን የሞላባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በድሮ የቤት ሽያጭ ውሎቿ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ቃል የተጻፈባት ከተማ ነበረች። ጥቁር ሰው በዚያ ቤት ማደር የሚችለው አገልጋይ ከሆነ ብቻ ነው የሚሉ ውሎች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም ያለው በ1948 ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ በዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። ዛሬ ቡና የምናፈላበትን ቤት የከፈተልን የእነዚያ ሰዎች ትግል ነው። ይህን ሳንናገር «እኛ ሠርተን ኖርን» ማለት አይገባንም።

«ታዲያ ይህ ከእስር ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሕጉ በቃሉ ዘር ሳይጠራ፣ በቦታ ብቻ ዘርን እንዴት እንደሚመታ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ቀስ ብዬ ስለምናገረው ተከተሉኝ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዎቹ ብዙ ስቴቶች አንድ ዓይነት ሕግ አወጡ። ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ ክልል ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ የሸጠ ቅጣቱ ይከብዳል። ማን ይቃወመዋል? ልጆችን ለመጠበቅ ነው። የኒው ጀርሲው በ1987 የወጣ ሲሆን፣ በክልሉ ውስጥ የሸጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 3 ዓመት ያለ ቅድመ ፍቺ ይታሰር ነበር። አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራው። 1,000 ጫማ 305 ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት ከትምህርት ቤቱ ይዛችሁ ክብ ብትሠሩ 29 ሄክታር ይሆናል፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ከተማ ውስጥ፣ ሕዝብ ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ትምህርት ቤቶች በየጥቂት መንገዱ ናቸው። ክቡ ከክቡ ይነካካል፤ ይደራረባል። በመጨረሻ ከሰፈሩ የሚተርፈው ቁራጭ መሬት ነው። ቤት ከቤት ተራርቆ በተሠራበት ዳርቻ ግን ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፤ ዙሪያው ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥፋት፣ በአንድ ዓይነት መጠን ቢያጠፉ፣ አንዱ ከክቡ ውጭ ስለሚኖር በአመክሮ ይለቀቃል፤ ሌላው ሦስት ዓመት ይታሰራል። ሌሊት ይሁን፣ ክረምት ይሁን፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ይሁን፣ አንድም ተማሪ አይኑር፣ ልጁ ክልሉ ውስጥ መሆኑን አይወቅ፣ ለሕጉ ልዩነት አልነበረውም። የኒው ጀርሲ የቅጣት ገምጋሚ ኮሚሽን ከዓመታት በኋላ ቁጥሩን ሲያወጣ በዚህ ሕግ ከታሰሩት 96 በመቶው ጥቁሮችና ላቲኖዎች ሆነው ተገኙ። ዘጠና ስድስት በመቶ! በሕጉ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም። ቃሉ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ስቴቱ በ2010 ለዳኞች የማቅለል ሥልጣን ሰጠ፤ ማሳቹሴትስ በ2012 ክልሉን ከ1,000 ወደ 300 ጫማ አሳጠረችው።

ቀዩን እርሳስ አስታወሳችሁ? ሰው የት እንደሚኖር የወሰነው እርሱ ነው። ክቡ በኋላ መጣ። ክቡ ያረፈው ግን እርሳሱ ባሰመረው ላይ ነው።

ፖሊሱም እንዲሁ ነው። ነጩም ጥቁሩም ዕፅ የሚጠቀመው ተቀራራቢ በሆነ መጠን እንደሆነ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ግን ሰፊ ቤት ያለው ምድር ቤቱ ውስጥ ያጨሳል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት የሚኖር ደጅ ይወጣል። ፖሊስ የሚያየው ደጁን ነው። በኒው ዮርክ በ2011 ብቻ ፖሊስ ሰው አስቁሞ የመዘገበው ከ685 ሺህ ጊዜ በላይ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ነበሩ። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሳይታሰር፣ ሳይቀጣ ተለቀቀ። በ2013 የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥትን የሚጥስ ነው ብለው ፈረዱ።

ክራክ የሚባለውን የሚጨስ ኮኬይን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ መነሻው እዚሁ አጠገባችን ነውና። ሌን ባያስ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። በሰኔ 1986 የቦስተኑ ሴልቲክስ ቡድን በመረጠው በሁለተኛው ቀን በኮኬይን ሞተ። አገር ተናወጠ፤ የምርጫ ዓመትም ነበርና ኮንግረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕግ አወጣ። 5 ግራም ክራክ የያዘ ነጋዴ ቢያንስ 5 ዓመት፤ ዱቄት ኮኬይን ለሆነበት ግን እዚያው 5 ዓመት ለመድረስ 500 ግራም። አምስት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ናት። ክራክ የሚሠራው ከዚያው ዱቄት ነው፤ በውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይፈላል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ባያስን የገደለው ክራክ ሳይሆን ዱቄቱ መሆኑ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከሚቀጡት ከአሥሩ ስምንቱ ጥቁሮች ነበሩ። በ2010 ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ወደ አሥራ ስምንት እጥፍ ወረደ፤ ቀድሞ ለተፈረደባቸው የደረሰው ግን በ2018 መጨረሻ ነው። አሥራ ስምንት እጥፍም ዛሬ ድረስ አለ። ምክንያቱን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ፍርድ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የሚያጋጥመን ዋስ ነው። በእኛ ዘንድ ዋስ ሰው ነው። አጎት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ «እኔ ዋሱ ነኝ» ብሎ የሚቆም። እዚህ ዋስ ንግድ ነው። ዳኛው 10,000 ዶላር ቢል፣ ገንዘቡ ያለው አስይዞ ይወጣል፤ ችሎቱን ሲጨርስ ይመለስለታል። የሌለው ወደ ዋስ ነጋዴ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ አሥር፣ 1,000 ዶላር ይከፍላል። ያ ገንዘብ አይመለስም፤ ነጻ ቢባልም አይመለስም። እርሱንም ያጣ ይታሰራል። ሥራው በሳምንት፣ ቤቱ በወር ይሄዳል። ቀይ በተቀባ ሰፈር ያደገ ሰው የሚያስይዘው ቤት ከየት ያመጣል? የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ እዚህ የአባት ማጣት ለልጅ እስር ሆነ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1992 ጀምሮ ሰው ገንዘብ ስላጣ ብቻ እንዳይታሰር ከልክላለች፤ ኢሊኖይ በ2023 የገንዘብ ዋስትናን ጨርሳ አስቀርታለች። ሰማይ አልወደቀም።

በ2010 በብሮንክስ ካሊፍ ብራውደር የተባለ የ16 ዓመት ልጅ የጀርባ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ዋስትናው 3,000 ዶላር ነበር፤ ቤተሰቡ አላገኘውም። ሪከርስ ደሴት በሚባለው የኒው ዮርክ ከተማ እስር ቤት ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ተዘግቶበት። ጥፋተኛ ነኝ ብትል ዛሬውኑ ትለቀቃለህ ተባለ፤ አላጠፋሁም ብሎ እምቢ አለ። በ2013 ክሱ ቀረ። በ2015፣ በ22 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ።

«ጥፋተኛ ነኝ ብትል ትለቀቃለህ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ልብ አድርጉልኝ፤ እኛን የምታጠምደን እርሷ ናት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጻፈው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሚፈረዱት 97 በመቶ፣ በስቴት 94 በመቶ የሚፈረዱት በእምነት ቃል ነው። ክርክር የለም፣ ምስክር የለም፣ ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርድ ጁሪ የለም።

ጁሪ ላይ የደረሰ ጉዳይስ? በሚሲሲፒ አንድ ጥቁር ሰው በአንድ ክስ ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉ በስድስቱ ችሎቶች ሊያሰናብታቸው ይችል ከነበሩ 42 ጥቁር የጁሪ ዕጩዎች 41ዱን አሰናበተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በ2019 ነው። ስለዚህ ዜግነት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ለጁሪ አገልግሎት የምትጠራ ደብዳቤ ስትመጣ አትጣሏት። «እንግሊዝኛዬ አይመችም» ብሎ መቅረት ለምዶብናል። በቂ እንግሊዝኛ ያለው ሰው ሁሉ ይሂድ። የአንድ ሰው ልጅ ወንበራችሁን ይፈልገዋል።

ከወህኒ የወጣውን ካርታው ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ ልጇ ወይም የልጅ ልጇ በዕፅ ከተገኘ፣ እርሷ ባታውቅም ከቤቷ ልትወጣ ትችላለች አለ። ስለዚህ እናት የተፈታ ልጇን ማስጠጋት ትፈራለች። የምርጫ መብትም በብዙ ስቴቶች አብሮ ይጠፋል። የሕዝብ ቆጠራው እስረኛውን የሚቆጥረው ወህኒ ቤቱ ባለበት ገጠር ነው፤ አይመርጥም፣ ግን ለሌላ ሰው ወንበር ያገለግላል። በአዮዋ አናሞሳ በምትባል ከተማ 1,400 ያህል ሰው ካለበት አንድ የምርጫ ክልል 1,300 ያህሉ እስረኛ ስለነበረ፣ በ2005 አንድ ሰው በሁለት ድምፅ የከተማ ምክር ቤት ገባ። በዚህ ሜሪላንድ ልትመሰገን ይገባል፤ በ2010 እስረኛ በመጣበት ሰፈር ይቆጠር የሚል ሕግ አውጥታለች።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ሎርተንን ታውቃላችሁ። የዲሲ እስረኞች ወህኒ እዚያ ነበረ፤ ዛሬ ግቢው የሥዕል ማዕከልና መኖሪያ ቤት ሆኗል። በ2001 ሲዘጋ ተፈርዶባቸው የነበሩት የዲሲ ልጆች በፌዴራል ወህኒ ቤቶች በየአገሩ ተበተኑ። እናት በአውቶቡስ ሄዳ ትጠይቅ የነበረችው ልጇን በስልክ ብቻ ሆነ፤ ስልኩ ደግሞ በውድ። ማርታ ራይት የተባሉ የዲሲ አያት የልጅ ልጃቸውን ለማነጋገር ከሚከፍሉት ዋጋ ጋር ከ2000 ጀምሮ በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በ2023 የተፈረመው የእስር ቤት ስልክ ዋጋን የሚቆጣጠር ሕግ በስማቸው ተሰየመ። በሕይወት ኖረው አላዩትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስና ወደ እኛ ልግባ። በ2003 የታተመ ነው፤ ቦታው ሚልዋኪ። ተመሳሳይ ትምህርትና ልምድ ያላቸው ወጣቶች ለሥራ ተላኩ፤ ግማሾቹ የወንጀል መዝገብ አለን እንዲሉ ተደረገ። መዝገብ የሌለው ነጭ ከመቶ 34 ጊዜ መልሶ ተጠራ፤ መዝገብ ያለው ነጭ 17። መዝገብ የሌለው ጥቁር 14። መዝገብ ያለው ጥቁር 5። ደግሜ ልበለው። ታስሮ የወጣ ነጭ 17፣ ምንም ያላጠፋ ጥቁር 14።

ወገኖቼ፣ ያ 14 ማን ነው? «እኔ ሐበሻ ነኝ» ብሎ ግንባሩ ላይ የጻፈ ልጅ አለን? የእኛ ልጅ በመንገድ ሲቆም፣ በመኪና ሲያስቆሙት፣ ለሥራ ሲያመለክት፣ የሚታየው በዚያ ካርታ ነው። «እነሱ» የምንላቸው እኛ ነን።

እንዲያውም እኛን አንድ ተጨማሪ ቅጣት ይጠብቀናል፤ ሦስተኛው ነጥቤ ይህ ነው። ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በወንጀል ምክንያት ከአገር ሊባረር ይችላል። በ1996 የወጣው ሕግ፣ ለምሳሌ በስርቆት አንድ ዓመት የተፈረደበትን ሰው በከባድ ወንጀለኛ ይመድበዋል። እስሩ ታግዶለት አንድ ሌሊት ባያድርም፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ ዓመት ነው። በ364ና በ365 ቀን መካከል ያለችው አንዲት ቀን ቤተሰብ ትበትናለች። ዋሽንግተን ስቴት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 የቀላል ወንጀልን ጣሪያ ወደ 364 ቀን ያወረዱት ለዚህ ነው። እናንተ ባላችሁበት ስቴት ስንት እንደሆነ ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ጫትን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይስታልና። አገራችን በገበያ የሚሸጥ ቅጠል ነው። እዚህ በትኩሱ ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ እጅግ ጥብቅ በሆነው የዕፅ ሰንጠረዥ ተመድቧል፤ ሲደርቅ የሚቀረው ካቲን በአራተኛው። ደርቋል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በዕፅ ሕግ የተፈረደበት ሰው፣ ለራሱ የያዘው 30 ግራም የማይበልጥ ማሪዋና አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር፣ ለመባረር ይዳረጋል። ስለዚህ «ይቺን ለእገሌ አድርስልኝ» የተባለች የተጠቀለለች ነገር፣ ሳትፈቱ አትቀበሉ። ዘመድ ቢቀየምም አትቀበሉ።

ሰው ቢያዝባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በእስር ቤት ስልክ ስለ ጉዳዩ አታውሩ፤ ይቀዳል፤ በአማርኛም ቢሆን አስተርጓሚ ያገኙለታል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲመድብ ጠይቁ። ጠበቃ የምትቀጥሩበት ገንዘብ ከሌላችሁ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። ዜጋ አለመሆናችሁን በመጀመሪያው ቀን ለጠበቃው ንገሩት፤ ለፖሊሱ ሳይሆን ለጠበቃው። ከዚያ ያቺ ዐረፍተ ነገር ትመጣለች። «ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ።» በዚያች ሰዓት አትፈርሙ። ጠበቃው ጥፋተኝነትን ማመን ለመባረር እንደሚዳርግ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል። ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁት፦ ይህ ስምምነት ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል? ዜግነት ስጠይቅስ? ከአገር ወጥቼ ስመለስስ? መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የወንጀል ጠበቃው የኢሚግሬሽን ሕግ ካላወቀ የሚያውቅ ሰው እንዲያማክር ቀጠሮ ይጠይቅ። «ዳኛው ፍርዱን አዘግይቶልኛል፣ መዝገብ የለብኝም» የሚለውንም አትመኑ፤ ጥፋት አምናችሁ አመክሮ ከተሰጣችሁ፣ ስቴቱ ፍርድ ባይለውም ኢሚግሬሽን ፍርድ ሊለው ይችላል።

የመጨረሻው ለወላጆች ነው። ለዜግነት የደረሳችሁ ማመልከቻውን አታሳድሩ። አንዱ ወላጅ ዜጋ ሲሆን፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነና በሕግ በእርሱ ወይም በእርሷ እጅ ሆኖ አብሮ የሚኖር ልጅ፣ በዚያው ቅጽበት ዜጋ ይሆናል። ለልጁ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት አውጡለት። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን በእናንተ ዜግነት አያገኝም፤ ራሱ ማመልከት አለበት፤ በመሐል አንድ ክስ ቢገባ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ 16 እና 17 ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትገቡ የልደት ቀኑን ቁጠሩ።

ጊዜ ሰጥታችሁ ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማይክራፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉትና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ። የግል ጉዳይ ያለው ሰው እዚህ በሕዝብ ፊት አይናገር፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ያግኘኝ።